የእናቴ የሐጅ ገንዘብና የእኔ ክርን

ቀኝ ክርኔን መታመም ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ለሃያ ሁለት ዓመት መቀስ ከዚህ እጅ አልወጣም። መጀመሪያ የሚያመኝ ወፍራም ጨርቅ ስቆርጥ ብቻ ነበር። ኋላ ለውዱእ የሞላ ኢብሪቅ ሳነሳ፣ ከሱጁድ ለመነሳት መዳፌን ስደገፍ፣ በመጨረሻም ሰው ስጨብጥ ሆነ። ጎረቤቴ የዶርዜ ሸማኔ «መወርወሪያ ሳትይዝ የእኛን በሽታ ወሰድክብን» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ «የቴኒስ ክርን» አለው። የቴኒስ ሜዳ ረግጬ አላውቅም! የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች በክርን ውጫዊ ጎን ካለው አጥንት ጋር የሚያያዙበት ጅማት ሥራ ሲደጋገምበት ይጎዳል። ብዙው ሰው በዓመት ወይም በዓመት ተኩል ይሻለዋል አለኝ። ከዚያ በፊት በአንድ ክሊኒክ ኮርቲዞን ተወግቼ ስድስት ሳምንት በደስታ ከሰፋሁ በኋላ ሕመሙ ብሶ ተመልሶብኝ ነበር። ለካስ የእኔ ዕድል ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናትም ኮርቲዞን የተወጉት ከዓመት በኋላ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት የባሰ ሁኔታ ላይ መገኘታቸውን አሳይቷል።

በዚህ መሐል ጂዳ ያለው ወንድሜ ስለ «ስቴም ሴል» ሰማ። ከሰው ስብ ወይም መቅኔ ሕዋስ ተወስዶ ጅማቱ ላይ ይወጋል፤ ጅማቱም እንደ አዲስ ይበቅላል ይላል ማስታወቂያው። «ግማሹን እኔ እችላለሁ፣ ግማሹን አንተ ሙላ» አለኝ። ያ ግማሽ ደግሞ ለእናታችን ሐጅ ያጠራቀምነው ገንዘብ ነው። እናቴ «ልጄ፣ ሐጅ በአቅም ነው። እጅህ ከቦዘነ ማን ያበላናል? ውሰደው» አለች። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልዋሽ አልችልም፣ ልወስደው ፈልጌ ነበር።

ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። «ገና ሙከራ ነው» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሪያ ውስጥ ከሌላ ሰው ስብ የተገኘ ሕዋስ የተወጉ ሰዎች ሕመማቸው ቀንሷል፤ ዓመት ሙሉም ተከታትለዋቸዋል። ግን አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ለማነጻጸሪያ ሌላ መርፌ የተወጋ ሰውም አልነበረም። ውድ አንባብያን፣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የሚሻል ከሆነ፣ ያዳናቸው መርፌው ነው ወይስ ዓመቱ? የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ለጅማት ሕመም የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው አሜሪካ ከእትብት ደም የተሠራ እንዲህ ያለ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል መግባታቸው ተዘግቧል።

እኔን ግን የቆረጠልኝ የገዛ ሙያዬ ነው። አዲስ ስፌት ስሞክር የምቆርጠው የራሴን ጨርቅ ነው። በደንበኛ ጨርቅ ሞክሬ ሙሉ ዋጋ ባስከፍል ሲቀላ ውስጥ ማን ያቆመኛል? ሙከራ ከሆነ፣ ለምን የሚከፍለው ታማሚው ይሆናል?

ወንድሜ ወር ሙሉ አኮረፈኝ። እኔ አሁን ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ጨብጬ፣ አንጓዬን ቀስ እያልኩ ዝቅ አደርጋለሁ። ወፍራሙን ጨርቅ የሚቆርጠው ተማሪዬ ነው። ሕመሙ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ገንዘቡም ቦታው አለ። እናቴ ግን ኢብሪቁን በግራ እጄ ሳነሳ ካየችኝ አሁንም ትቀማኝና እያፈሰሰችልኝ «ይሄኔ ተወግተህ ቢሆን ኖሮ…» ትለኛለች።