የበለስ ቅጠል ወጥ

ሮም የምትኖረው ልጄ ሰሞኑን በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ጡጫ የሚያህል፣ ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተዘጋ፣ ጫፍ ጫፉ የሚዋጋ አረንጓዴ ነገር ነው። ጣሊያኖቹ ካርቾፎ ይሉታል፤ በሌላው ዓለም አርቲቾክ ይባላል፤ ያልፈካ የእሾህ አበባ መሆኑ ነው። «እማዬ፣ እዚህ እሾህ በገንዘብ ገዝተን ነው የምንበላው» ብላኛለች። አሠራሩንም ጽፋልኛለች። ደረቁን የውጭ ቅጠል ለስላሳው እስኪመጣ እያነሱ መጣል፣ ጫፉን ቆርጦ መሀሉ ያለውን ፀጉር መሳይ ነገር በማንኪያ መፋቅ፣ እንዳይጠቁር ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ መንከር፤ ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት ድስት ውስጥ ዘቅዝቆ ደርድሮ ቀስ አድርጎ ማብሰል።

ፎቶውን ለልጅ ልጄ ባሳየው «በለስ ነው እንዴ?» አለኝ። ስምንት ዓመቱ ነው። እሾህና ድስት አንድ ላይ ሲሰማ ሌላ ነገር ወደ አእምሮው አይመጣም፤ ጥፋቱም የእኔው ድስት ነው።

ቤታችን ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም አይርቅም። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ለልብስ ስፌት ሥራ ከየወረዳው የመጡ ልጃገረዶች ሰፈሩን ሞሉት፤ እኔም ሁለት ክፍል አከራየሁ። አንዷ ተከራዬ የዓጋመ ልጅ ነበረች፤ በለስ ባጥር ባጥሩ ከሚበቅልበት አገር። ጦርነቱ መጥቶ ማሽኑ ሲቆም መንገዱ ተዘጋባትና ከእኛው ጋር ቀረች። በ2014 ዓ.ም. ባንኩ ዝግ፣ ጡረታዬ የማይከፈል፣ ጤፍም በሩቁ የሚታይ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጋ የበለስ ቅጠል በፌስታል ይዛ ገባች።

«አደይ፣ ዛሬ ይኼን ልሥራላችሁ?»

«ጓለይ፣ ይኼ እኮ የላም መኖ ነው» አልኳት።

«ላሟ መቼ ሞተችበት!» ብላ ቢላ ፈለገች።

አፍሬ ነበር። በሩን ዘግተን ነው የበላነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ እናቶችን ሰብስቤ «ለልጆቻችሁ አትክልት አብሉ» ስል የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ሥዕል ግን ካሮትና ጎመን ስለነበር፣ አጥሬ ላይ የቆመውን አትክልት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። በለስ በተገኘበት በሜክሲኮ ይኸው ቅጠል ኖፓል ይባላል፤ እሾሁ ተልጦ ገበያ ይወጣል፣ ከእንቁላል ጋር ለቁርስ ይቀርባል። ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው ይባላል። ፍሬውን ወደድን፣ ቅጠሉን ለከብት ሰጠን።

ከልጅቷ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት በለስንና ቁልቋልን አታምታቱ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል መርዝ ነው፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ቢገባ ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። የበለስ ቅጠል ወተት የለውም።

የሚመረጠው አዲስ ያቆጠቆጠ፣ መዳፍ የሚያህል፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰበር ለጋ ቅጠል ነው። ያረጀው ክር ብቻ ነው። ጠዋት የተቆረጠው ይኮመጥጣል፤ ተክሉ ሌሊት ያጠራቀመው አሲድ ቀን በፀሐይ ስለሚቀንስ የከሰዓቱ ለዘብ ይላል። ትልልቁን እሾህ ማንም ያየዋል፤ ጉዱ ያለው ሥሩ ላይ እንደ አቧራ የተነሰነሰው ብናኝ እሾህ ነው። ቅጠሉን በወፍራም ጓንት ወይም በመቆንጠጫ ይዞ እሳት ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ መለብለብ፣ ከዚያ ጠርዙን መቁረጥ፣ ሁለቱንም ፊት በቢላ መፋቅና ማጠብ ነው። ጣት ላይ ከተሰካ አትሹት፣ ወደ አፍም አትውሰዱት፤ በወረንጦ ነቅሎ የቀረውን ፕላስተር ለጥፎ መንጨት ይሻላል።

ጣት ጣት አክሎ ከተከተፈ በኋላ ጨው ባለው ውኃ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀቀላል። ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባ የሚመስል ልጋግ ያወጣል፤ ብዙ ሰው ድስቱን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። አትድፉት። አጥልሉና በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። ለብቻ ሽንኩርት ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬና ቲማቲም ይግባበት፤ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይጨመርና ውኃ ሳይበዛበት ይንተክተክ። ቃሪያ ከወጣ በኋላ ቢሆን ደስ ይላል። ፎሶልያን የሚያስታውስ፣ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም አለው። ለጾም የሚሆን ጥሩ ወጥ ነው።

አሁን ደግሞ የማይወደደውን ልናገር። ያኔ የልጅ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር። ቅጠሉን ደጋግመን ሠራነው፤ ሆዱ ይሞላል፣ ማልቀሱንም ተወ። እኔም ደስ አለኝ። አንድ ቀን ሸሚዙን ሳወልቅለት ክንዱ ዓይኔን ያዘው። ከሥራ ዘመኔ የቀረችኝን የክንድ መለኪያ ከሣጥን አውጥቼ አሰርኩለት፤ ቢጫው ላይ ቆመ። ከ12 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ በታች ማለት ነው፤ ከ11 ከግማሽ ቢወርድ ኖሮ ቀዩ ነው። ለስንቷ እናት ይህንኑ ክር እያሳየሁ «ልጅሽን ምን ስታበይው ነበር?» ብዬ ጠይቄያለሁ።

የበለስ ቅጠል ከ100 ግራሙ 94 ያህሉ ውኃ ነው፤ ፕሮቲኑ ሁለት ግራም አይሞላም። ካልሺየምና ክር አለው፤ ሆድ ያለሰልሳል። ሕፃን ግን አያሳድግም። ስለዚህ አጠገቡ ሽሮ፣ ምስር ወይም እንቁላል ከሌለ ምሳ በልቷል አትበሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አያቶችም ቅጠሉን አዘውትራችሁ ከመብላታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ያኔ እኛ አንድ ጎረቤት ባካፈለችን ግማሽ ጣሳ ሽምብራ ነው ያለፍነው፤ ቢጫውን ለመሻገር ሳምንታት ፈጀ።

ስለ ፍሬውም አንድ ነገር ልጨምር፣ ክረምት ላይ ይጠቅማችኋል። በበለስ ወቅት በባዶ ሆዳቸው ከመጠን በላይ የበሉ ልጆች ዘሩ አንጀታቸው መጨረሻ ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጠቅጥቆባቸው ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ ውኃ ይጠጡ። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው፣ ተቀምጦ አምጦ እንቢ ካለው ቤት ውስጥ ምንም ሳትነካኩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ልጅቷ በ2015 ዓ.ም. መንገድ ሲከፈት አገሯ ገባች፤ ወደ ስፌቱ አልተመለሰችም። እኔ ቅጠሉን መሥራቴን አልተውኩም፤ በሩንም አልዘጋም። የልጅ ልጄ ግን ድስቱን ከፍቶ ባየ ቁጥር «ባንክ ተዘጋ እንዴ?» ይለኛል። አላስገደድኩትም። ባለፈው እሑድ ከእንቁላል ጋር ጠበስኩለት፤ ሦስት ቁራጭ በላና የቀረውን የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረው።

ሳህኑን ፎቶ አንስቼ ወደ ሮም ላክሁ። «ሎሚ አድርገሽበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላደረግሁበትም፤ የጠዋት ቅጠል ነበር።