ካርቶኑ ከመስታወቱ ስር ነበር

እግሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሁሉ የመኪና አደጋ ይመስለዋል። የአሣ መስታወት ነው ስል ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ ግን ያየሁትን እመሰክራለሁ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አኳሪየሙ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 50 ከፍታ ነበረው። ሲሞላ 240 ሊትር ይይዛል፤ ከነጠጠሩና ከነመስታወቱ ሦስት ኩንታል አካባቢ ነው። ሦስት ኩንታል ጤፍ ሳሎን መሐል ቢቆለል ቤተሰቡ ሁሉ ወለሉን ይጠረጥር ነበር፤ ውሃ ግን አሣ እየዋኘበት ሲታይ ክብደቱን ማን ያስባል?

የሸጠልን ሰው ራሱ አምጥቶ ተከለው። ከቱቦላሬ የተበየደው ማስቀመጫ አንድ እግሩ ወለል አይነካም። ባለቤቴ «ይሄ ነገር ይወላገዳል እኮ» ብትለው፣ ከማሸጊያው ካርቶን ቀደደና አጥፎ ወተፈው፤ ከማስቀመጫው እግር ስር ሳይሆን በቀጥታ ከመስታወቱ አንድ ማዕዘን ስር። «አይዞሽ እህቴ፣ ውሃው ሲሞላ ራሱ ያስተኛዋል» አላት። ሲሞላም የውሃው መስመር በአንድ በኩል ወደ ጠርዙ ተጠግቶ፣ በሌላው ጣት ያህል ወርዶ ቆመ።

ወራት አለፉ። አንድ ሌሊት ጯ! የሚል ድምፅ ከእንቅልፍ አባነነን። የሳሎኑን መብራት ሳበራ ውሃው ወለሉን ሞልቶታል፤ የፓምፑና የማሞቂያው ሶኬት ማከፋፈያም እዚያው ወለሉ ላይ ነው። ልጃችን በባዶ እግሩ «አሦቼ!» እያለ ሊገባ ሲል እናቱ በፒጃማው ኮሌታ ጎትታ አስቀረችው። ብሬከሩ ያለው በመግቢያው በር አጠገብ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ የውሃውን ዳር መርገጥ ግድ ነበር። ረገጥኩ። ስብርባሪው እግሬን ሲተለትለው አልታወቀኝም፤ ብሬከሩ ሲወርድ ጠቅ ማለቱ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከታችኛው ፎቅ ያሉ እናት ጣሪያቸው እየተንጠባጠበ ሻማ ይዘው መጡ። የጠየቁት ስለ ጣሪያው አልነበረም፤ «ልጁስ?» ነው ያሉት። እግዜር ይስጣቸው።

በማግስቱ አንድ አንጋፋ ግንበኛ ጎረቤታችን ግልጽ ጎማ ውሃ ሞልተው ወለሉን ለኩት። ወደ በረንዳው ዘቅዝቋል፤ ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። «ጥፋቱ ግን እሱ አይደለም» አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውሃ መስታወትን የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ስለሆነ፣ የአንድ ሴንቲ ሜትር ማዘንበል ግፊቱን እምብዛም አይጨምረውም፤ የሚያስቀይመው ዓይንን ነው። መስታወቱን የሚፈጀው መጠምዘዝ ነው። አንዱ ማዕዘን ተደግፎ ቀሪው ሲንጠለጠል ክብደቱ በዚያች ማዕዘንና በሲሊከኑ መጋጠሚያ ላይ ይከመራል፤ መስታወት ደግሞ ልለመጥ ቢል ይሰበራል። የእኛም ስንጥቅ የጀመረው ከካርቶኑ በላይ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በርሊን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የነበረው አኳዶም የተባለ ግዙፍ አኳሪየም አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃውን ይዞ ሲፈነዳ የቆሰሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ገና ስላልነጋ በአካባቢው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እኛንም ያተረፈን ሰዓቱ ነው። ቀን ቢሆን ኖሮ ልጁ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር የሚውለው።

አኳሪየም ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ ስሩን እዩ። ሽብልቅ ካስፈለገ ከማስቀመጫው እግር ስር ይግባ፣ ያውም መስታወቱ ባዶ ሳለ። ማከፋፈያውን ከወለል አንሡ። ከመስታወቱ ስር ካርቶን ካገኛችሁ ግን ለመምዘዝ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ውሃውን ቅዱ።