አንድ ሞተር፣ ብዙ ቴስታታ

ከአዳማ ተነስቶ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ባሌ ሮቤ የሚወጣ ሹፌር የመንገዱን ከፍታ በእግሩ ያውቀዋል። አዳማ ላይ ነዳጅ መስጫው ገና ሲነካ ትወረወር የነበረች መኪና ዲንሾ ስትቃረብ ሌላ መኪና ትሆናለች። በአራተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዓይነት ዳገት ሦስተኛ ይጠይቃል፤ የሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛ። ሞተሩ አልታመመም። ካንዴላውም ፊልትሮውም ደህና ነው። የጎደለው አየር ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ ሲወጣ 4,000 ሜትር ይታለፋል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ 4,377 ሜትር ሲደረስ፣ ግፊቱ ከመቶ 60 እጅ እንኳ አይሞላም።

በጎረቤት አርሲ፣ በቆጂ ላይ፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን የመሰሉ ሯጮች ያደጉት በዚሁ በሳሳ አየር ነው። የሰው ደም ከፍታውን ይለምዳል፤ ቀይ ሕዋሱን አብዝቶ የጎደለውን ያካክሳል። ሞተር ይህ ጸጋ የለውም። የሚተነፍሰው መሐንዲሱ በቀደደለት ልክ ነው። በባሌ ደጋ «ሞተሯ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የወሬ ማሟሻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እኔ ይህን ጥያቄ የምወደው በተለይ ስለ ቶዮታው 4ኤ ሞተር ሲነሳ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 ኮሮላ ሌቪን እና ስፕሪንተር ትሩኖ የተባሉ ሁለት እህትማማች ስፖርት መኪኖች ሠርቶ ነበር። የሁለቱም የሻንሲ መለያ ኤኢ86 ነው። ክብደታቸው አንድ ቶን አይሞላም፤ የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው። አገራችን «ዲኤክስ» እያለች የምትጠራት የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላም በኋላ ጎማ የምትገፋ የዚያው ዘር የቅርብ ዘመድ ናት። ኮፈኗ ሥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ግን 4ኬ የሚባል ባለ 1,290 ሲሲ ትሑት ሞተር ነው። በኤኢ86 ኮፈን ሥር ያለው ያማሃ እጁን ያስገባበት 4ኤ-ጂኢ ነው፤ 1,587 ሲሲ፣ 16 ባልቮላ፣ በዘመኑ አለካክ በደቂቃ 6,600 ዙር 130 የፈረስ ጉልበት።

በዚያው ቆርቆሮ ኤኢ85 የምትባል ሌላ መኪናም ነበረች። መብራቷ፣ በሯ፣ ወንበሯ ያው ነው። ሞተሯ ግን 3ኤ፣ 1,452 ሲሲ፣ አንድ ካም ብቻ ያለው ባለ ካርቡራቶር ነው። ሹይቺ ሺጌኖ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው «ኢኒሻል ዲ» የተሰኘ የሥዕል ታሪክ ውስጥ የዋናው ገጸ ባሕርይ ጓደኛ ኤኢ86 የገዛ መስሎት ኤኢ85 ይገዛል። ያ ልጅ ያዘነበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ አብሬው አዝናለሁ። ቆርቆሮ አይዋሽም፤ እውነቱን ሁሉ ግን አይናገርም።

የ4ኤ ወንድማማቾች ልዩነት ያለው ከብሎኩ ይልቅ ከላይ፣ ከቴስታታው ላይ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 77 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ከወንድም ወንድም አይለወጥም። የሚለወጠው አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ፊደሎችም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። «ኤፍ» ማለት ባልቮላዎቹ ተቀራርበው የቆሙበት፣ ለቁጠባ የታሰበ ባለ ሁለት ካም ቴስታታ ነው። «ጂ» ማለት ባልቮላዎቹ ሰፋ ብለው የተንጋደዱበት፣ ለጉልበት የታሰበ። «ኢ» ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንደሚረጭ፣ «ዜድ» አየር በግድ የሚያስገባ፣ በቺንጋ የሚዞር መጭመቂያ እንዳለው ይናገራሉ። በኤፍኢው ላይ በማስገቢያና በማስወጫ ባልቮላዎች መካከል ያለው ማዕዘን 22.3 ዲግሪ፣ በጂኢው ላይ 50 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ ደረቅ ይመስላል፤ ግን አየር ከሰፊ በር በቀጥታ ሲገባና ከጠባብ በር ታጥፎ ሲገባ ያለው ልዩነት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

አንድ ጊዜ ሮቤ ውስጥ ጋራዥ ቆሜ አንድ ወጣት ሊገዛት ስላሰባት ኮሮላ ሽማግሌውን መካኒክ ሲጠይቅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ይቺ ስፖርት ሞተር ናት አይደል? ክዳኑ ላይ 16 ባልቮላ ይላል እኮ።»

«ና ወደዚህ ልጄ» አሉት ሽማግሌው፤ ጣታቸውን ወደ ሞተሩ ፊት ለፊት አስጠግተው። «ቺንጋው የሚያዞረው ስንት ካም ነው?»

«አንድ።»

«ሁለተኛውን ማን ያዞረዋል?»

ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው መልሱን ራሳቸው ሰጡት፤ ሁለተኛውን ካም የሚያዞረው በቴስታታው ውስጥ የተደበቀ ጥርስ ነው፣ ይህም ኤፍኢ ነው ማለት ነው። በጂኢው ላይ ቺንጋው ሁለቱንም ካሞች ይዞ ስለሚዞር ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ መሳይ ጥርሶች ይታያሉ፤ በሁለቱ የካም ክዳኖች መካከልም ካንዴላዎቹ የሚገቡበት ሰፊ ሸለቆ አለ። በኤፍኢው ላይ ካሞቹ ተጠጋግተው በአንድ ክዳን ሥር ተኝተዋል። ልጁ መኪናዋን ገዛት፤ ጥሩ መኪና ነበረች። ግን የገዛውን አውቆ ገዛ። እንዲህ ያለ መካኒክ ያለበት ከተማ ዕድለኛ ነው እላለሁ።

የጂኢው ወንድማማቾች ራሳቸው እርስ በርስ ይለያያሉ። የመጀመሪያው በክዳኑ ላይ ባለው ሰማያዊ ጽሑፍ ይታወቃል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ናቸው። ሰፊ ቀዳዳ በከፍተኛ ዙር መልካም ቢሆንም በዝቅተኛ ዙር አየሩ ስለሚያዘግም፣ ቶዮታ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት መንገድ ሠርቶ አንዱን በዝቅተኛ ዙር የሚዘጋ ምላስ አስገባ፤ ዙሩ ከ4,000 አለፍ ሲል ምላሱ ይከፈታል። ሾፌሩ ይህን በጀርባው ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ብሎኩ ራሱ ጠነከረ። ከጀርባው ያሉት ማጠናከሪያ ጎድኖች ከ3 ወደ 7 አደጉ፤ የጽሑፉ ቀለምም ወደ ቀይ ዞረ። ሞተሩ ከመኪና ሲወርድ እነዚያን ጎድኖች መቁጠር እወዳለሁ፤ ክዳን በሌላ ክዳን ይለወጣል፣ ጎድን ግን አይቀየርም። እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ጠበቡ፣ ምላሱ ቀረ፣ የሲሊንደሩ የጭመቃ ልክ ከ9.4 ተነስቶ 10.3 ለ1 ደረሰ። ብልሃቱ ሲቀነስ ሞተሩ መሻሻሉ ያስደስተኛል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባለ 20 ባልቮላው መጣ። ለአንድ ሲሊንደር ሦስት ማስገቢያና ሁለት ማስወጫ፣ ለእያንዳንዱም ሲሊንደር የራሱ የአየር መክፈቻ። ብርማ ክዳን ያለው 160 የፈረስ ጉልበት በ7,400 ዙር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተከተለው ባለ ጥቁር ክዳን 165 በ7,800 ዙር። በብርማው ላይ የሚገባውን አየር የሚለካ መዝጊያ መሳይ ሰሌዳ በመተላለፊያው መካከል ቆሟል። ጥቁሩ ያንን አውጥቶ ጥሎ በማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት በመለካት ብቻ ይሠራል። ለባሌ ሰው ይህች ትንሽ ለውጥ ትርጉም አላት፤ ከመንገዱ ላይ መሰናክል ተነሳ፣ ሞተሩም የከፍታውን ግፊት ራሱን አንብቦ ነዳጁን በዚያው ልክ ይመጥናል። ባለ ካርቡራቶሩ 4ኬ ይህን አያውቅም። አዳማ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ሮቤ ላይ ያንኑ ያህል ቤንዚን ለቀነሰ አየር ስለሚያፈስ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሮቤ የሚኖር የዲኤክስ ባለቤት ካርቡራቶሩን እዚያው ሮቤ ያስተካክል።

ስለ 4ኤ-ጂዜድኢ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1986 ኤምአር2 በተባለችው ባለ ሁለት ወንበር ቶዮታ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ 145 ነበር። አየሩ በግድ ስለሚገባ የሲሊንደሩ የጭመቃ ልክ ወደ 8 ለ1 ዝቅ ብሏል፤ ፒስቶኖቹም በቀጥቀጣ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ሰው «ለከፍታ ይሄ ነው» ይላል። በቺንጋ የሚዞር መጭመቂያ ግን ከሞተሩ ዙር ጋር ታስሯል፤ የሚያባዛው ያገኘውን አየር ነው፣ የሳሳውን ቢያባዛ የሳሳ ነው የሚያወጣው። በጭስ ግፊት የሚዞር ተርቦ ግን ውጭ ያለው አየር ሲሳሳ ፈጥኖ ሊዞር ስለሚችል ከጎደለው ብዙውን ይመልሳል።

ይህን ለማየት ጃፓን መሄድ አያስፈልግም፤ ከጎባ በሪራ አድርጎ ወደ ደሎ መና የሚሻገረውን መንገድ መውጣት ይበቃል። ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ነው፣ ተርቦ የለውም፤ 1ኤችዲ-ቲ በዚያው 94 በ100 ሚሊ ሜትር ልክ የተሠራ ወንድሙ ነው፣ ተርቦ አለው፣ ናፍጣውንም በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ይረጫል። ታች ሲሆኑ ጉልበታቸው 135 እና 165 ግድም ነው። ጅብራው ከሚታይበት ከፍታ ሲደርሱ ልዩነቱ ከዚያ እጅግ ይሰፋል፤ አንዱ ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም ሌላው ሦስተኛ ይዞ ያልፈዋል። ከገሰራ ስንዴ ጭኖ የሚመጣ ያለ ተርቦ የተሠራ የጭነት መኪናም የሚያጨሰው በዚሁ ምክንያት ነው። 1ኤችዜድ ላይ ተርቦ የሚያስገጥሙ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ቴስታታው ለዚያ ሙቀት አልታሰበም፣ ስንጥቅ ይከተላል።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ፣ ሳነቴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ግድም ነው። ብዙዎቹ የቶዮታ ቴርሞስታቶች ደግሞ የሚከፈቱት በ82 ነው። በመካከላቸው 5 ዲግሪ ብቻ አለ ማለት ነው፤ ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው ግፊት ይዞ የሚያቆየው ክዳን ነው። ክዳኑ ያረጀ መኪና አዳማ ላይ ምንም ሳይሆን ኖሮ ሳነቴ ላይ ይፈላል።

አገራችን ውስጥ የሞተር ዝርያ የሚመረጠው በአየር ብቻ አልነበረም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 የቤት መኪናን በሲሲ ይከፋፍል ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 ከመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 ከመቶ። አንዲት ኮሮላ 2ኢ ሞተር ይዛ ስትመጣ 1,295 ሲሲ ናት፣ 4ኤ ይዛ ስትመጣ 1,587፤ ቆርቆሮው ያው ሆኖ ታክሱ እጥፍ ነበር። ትንሹ ሞተር አስፋልታችንን የሞላው በዚህ ሒሳብ ጭምር ነው፤ ደጋው ላይ የሚኖረውም ሰው ዳገቱን በዚያው ወጣ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያረጀ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። እንግዲህ እዚህ ያሉት 4ኤዎች የሚጠገኑና የሚወረሱ ናቸው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን ማየት አሁን ከቀድሞ ይልቅ ይጠቅማል።

ሮቤ የሚኖር ሰው ከ4ኤ ዘመዶች አንዱን ምረጥልኝ ቢለኝ ባለ ጥቁር ክዳኑን አልመርጥለትም፤ ልቤ እሱ ዘንድ ቢሆንም። 165 ጉልበቱ ሮቤ ላይ ወደ 120፣ ሳነቴ ላይ ወደ 100 ይወርዳል፤ ያንንም ለማግኘት በጠጠር መንገድ 7,800 ዙር ማስጮህ ያስፈልጋል። 4ኤ-ኤፍኢው ታማኝ ነው፤ መለዋወጫውም አይጠፋም። እኔ ግን 7ኤ-ኤፍኢን እፈልግለታለሁ። በአንዳንድ ካሪናዎችና ኮሮላዎች ላይ የመጣ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ያው 81 ሆኖ የፒስቶኑ ጉዞ ከ77 ወደ 85.5 ሚሊ ሜትር ረዝሟል፤ 1,762 ሲሲ ነው፣ በድሮው አዋጅ እንኳ ከ4ኤ ጋር አንድ እርከን ውስጥ የሚያርፍ። ያቺ 8.5 ሚሊ ሜትር በእያንዳንዱ ስበት ከመቶ 11 እጅ ትርፍ አየር ታስገባለች፤ ጉልበቱም የሚመጣው ዝቅ ባለ ዙር፣ ዳገት በሚወጣበት ዙር ነው። ሮቤ ከወሰደችው ሩብ ሲሶ ያህሉን ይመልሳል።