የጠመንጃ ነጋዴና ገዢው

ሸማ ሲገዛ የተታለለ ሰው ገንዘቡን ይከስራል፤ ጠመንጃ ሲገዛ የተታለለ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህም ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደ ሰማነው፣ አስተዋይ ገዢ የዋጋውን መርከስ ብቻ አይቶ ነጋዴ አይመርጥም ነበር። መቀርቀሪያውን አውጥቶ፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ፣ የውስጡ ጠመዝማዛ መስመር በዝገት አለመበላቱን ይመለከታል። ይህን ሲያደርግ ፊቱ የሚጠቁርን ነጋዴ ትቶ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ያወጡት፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ የወጣው ለበል ግን 8 ሚሊሜትር ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ይህን ሳይገልጽ ሸጦ የሚያሰናብት ነጋዴ፣ የሸጠው ዱላ ነው፤ ዱላስ ቢሆን ከዚህ ይቀል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ስለሚከለክል፣ ፈቃድ መጠየቅ የነጋዴው ግዴታ ነው። እኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ መስተንግዶ አለ እንላለን፤ ይኸውም እምቢ ማለትን ማወቅ ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ በዋጋ ሳይከራከር፣ ጥይቱን ብቻ የሚያጣድፍ ገዢ ሲመጣ፣ ነጋዴው ቡና አስፈልቶ ያስቀምጠው፤ ከማን ጋር እንደ ተጣላም ይጠይቀው። ገዢው በዚያን ቀን ይቀየመዋል፤ ምናልባትም ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል።