ስለ ልጆች ትካዜና ስለ መድኃኒቱ

ስለ ልጆች አመጋገብ፥ ስለ አለባበሳቸውና ስለ ትምህርታቸው በየጊዜው ብዙ ይጻፋል። ስለ ልጅ ትካዜ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱም ልጅ ያለቅሳል እንጂ አይተክዝም ብለን ሁላችን ስለምናምን ይመስለናል። እኛም እስከ አምና ድረስ እንደዚሁ እናምን ነበር።

የምንኖረው በሐረር ከተማ በሐኪም ጋራ ሥር ነው። እንግዳ ሰው የጋራውን ስም በሰማ ጊዜ በላዩ ሐኪም ቤት ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ስሙ ሐረሪዎች የሚያከብሩት የአው ሐኪም ስም ነው፤ ጋራ ማለትም በኦሮምኛ ተራራ ማለት ነው። ከላዩ ሆኖ ለተመለከተ ሰው የጀጎል ግንብ ከነቤቶቹ፥ ከነመስጊዶቹና ከነመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ባንድ ጊዜ ይታያል። በምሥራቅ በኩልም የኤረር ሸለቆና ወደ ባቢሌ፥ ወደ ጅጅጋ የሚያደርሰው አገር ይታያል።

ሥራችን በፍርድ ቤት የባለጉዳዮችን ቃል መጻፍ ነው። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመን፥ ኋላም በሚሲዮን ተማሪ ቤት ፈረንሳይኛ ተምረን፥ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ የከሳሽንም የተከሳሽንም ቃል ሳናዳላ ስንጽፍ ቆይተናል። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል።

አምና በኅዳር ወር ታላቁ ልጃችን ማንንም ሳይሰናበት በሌሊት ከቤት ወጣ። ብዙ ወጣቶች እንደሚያደርጉት በሱማሌ በኩል አድርጎ ባሕር ሊሻገር እንደ ሄደ ከጓደኞቹ ሰማን። እናቱ አለቀሰች፤ እኛም በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርን ጠየቅን። የ13 ዓመት ልጅ የሆነችው ታናሽ እኅቱ ግን አላለቀሰችም። ስለዚህም ከሁላችን የበረታች እርስዋ ናት ብለን በዘመድ ፊት አመሰገንናት።

ጥር በገባ ጊዜ ልጃችን እንጀራውን እየቆራረሰች ከገበታው ላይ ትተወው ጀመር። ባልንጀሮቿ ሲመጡ ተኝታለች በሉልኝ ትላለች። ሌሊት ግን አትተኛም ነበር፤ ጠዋት ስንጠይቃት «ጅቦቹ ከጋራው ሲወርዱም ሲመለሱም ሰማሁ» አለችን። በትምህርቷ ከክፍሉ ሦስተኛ የነበረችው ወደ መጨረሻው ወረደች። ሰነፍሽ ብለን ገሠጽናት፤ አንድ ቀንም መታናት። ይህን በጋዜጣ መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን እርሱን ትተን የቀረውን ብንጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። አንዷ ጎረቤት ዓይን ነው አለች። ባለቤታችን ጸበል ወሰደቻት፤ ይህንንም እስከ ዛሬ አልተውነውም። እኛ ግን የተማርን ነን ብለን ወደ አንድ መድኃኒት መሸጫ ሄድንና እንቅልፍ ያጣች ልጅ አለችን አልን። ሻጩም የሐኪም ወረቀት ሳይጠይቀን አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ኪኒን ሰጠን። ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሰጠናት። አፏ ደረቀ፤ በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ተብሎ ከአስተማሪዋ መልእክት መጣ። የቀረውን ኪኒን ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ በመደርደሪያ ላይ አኑረነው ነበር።

በመጋቢት ወር የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ገና በወንበሩ ላይ ሳንደላደል ጫት ትቅም እንደ ሆነ ጠየቀን፤ በሐረር ይህ ነውር ያለው ጥያቄ አይደለምና መለስንለት። ቀጥሎ ግን ልጅቱን ብቻዋን አስቀርቶ ሞትን ተመኝታ ታውቅ እንደ ሆነ ጠየቃት። ይህን በሰማን ጊዜ ተቆጣን፤ «እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነገራልን?» አልነው። «ጌታዬ፥ ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ያለውን ያወጣዋል እንጂ» አለን። ልጃችን የመለሰችለት ጠዋት ባልነቃ ብላ በየማታው እንደምትመኝ ነበር። ኪኒኑን ባሳየነውም ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። የዚህ ወገን አሮጌ መድኃኒቶች በልጆች ትካዜ ላይ ጥቅማቸው እንዳልታየ፥ ልጅ ባንድ ጊዜ ብዙ የዋጠች እንደ ሆነም ልብን አውከው ሊገድሉ እንደሚችሉ ነገረን። ያን ዕለት ከሐኪም ቤት እስከ መደርደሪያችን ድረስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደ ሄድን አናስታውስም።

ሐኪሙ በመጀመሪያ መድኃኒት አላዘዘም። በየሳምንቱ እየመጣች እንድትነጋገር፥ በየቀኑም አንድ የምትወደውን ነገር እንድታደርግ፥ ከኛም ጋር በእግሯ እንድትሄድ መከረን። የወደደችው ሐኪም ጋራ መውጣትን ነበር። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንወጣለን። ሁልጊዜ ከተማውን ትታ በምሥራቅ በኩል ፊቷን መልሳ ትቀመጣለች። ነፋሱ ደስ ብሏት ይሆናል እንል ነበር። በሚያዝያ አንድ እሑድ ግን «አባባ፥ በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ» አለችን። ወንድሟ ሊሄድ የተነሣ ሌሊት መቀርቀሪያውን ያነሣችለት፥ ያጠራቀመችውንም ገንዘብ የሰጠችው፥ ለማንም እንዳትናገር በማተቧ ያስማላት እርስዋ ኑራለች። አምስት ወር ሙሉ ይህን ይዛ ኖራ፥ እኛ በርቺ እያልን ስናመሰግናት ትሰማ ነበር።

ነገሩ ከወጣ ዘንድ በሽታው አለቀ ብለን ደስ አለን። ሁለት ሌሊት ተኛች። በሦስተኛው ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰች፤ እንዲያውም ባሰባት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ፍሉኦክሴቲን የሚባለውን መድኃኒት እንጀምርላት አለ።

በቤታችን ክርክር የተነሣው በዚህ ነው። የባለቤታችን ወንድም የተከበረ ሰው ነውና ቃሉን ሳንቀንስ እንጽፋለን፦ «ልጅ ወንድሟን አጥታ ብታዝን በሽታ ነውን? ኀዘንን በኪኒን ከቀበርነው ሰው መሆኗን ምን ያሳውቃታል? ይህ መድኃኒት ልጆችን ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያነሣሣል ተብሎ በፈረንጅ አገር በጥቁር መስመር ታጥሮ እንደ ተጻፈበት አታውቁምን?» ይህን ቃል ማቃለል አይቻልም፤ የኋለኛው በውነት ተጽፏልና። ስለዚህ እንደ ልማዳችን የሁለቱን ወገን ማስረጃ መመርመር ጀመርን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፍሉኦክሴቲን በትካዜ ለተያዙ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች እንዲሰጥ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች የዚሁ ወገን የሆነው ፓሮክሴቲን ከ18 ዓመት በታች ላሉት ለትካዜ እንዳይሰጥ አስታወቁ፤ ጥቂት ቆይተውም ከፍሉኦክሴቲን በቀር አብዛኞቹን እንዲሁ አገዱ። በ2004 ዓ.ም. የአሜሪካው መሥሪያ ቤት 24 ጥናቶችን አንድ ላይ ቢመረምር፥ ከ4,400 ከሚበልጡት ልጆች መካከል ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ የታየባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 4፥ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ኪኒን ከወሰዱት ከመቶ 2 ሆኑ። ከሁሉም አንድ የሞተ አልነበረም። ጥቁሩ መስመር የመጣው ከዚህ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ በዚያው በ2004 ዓ.ም. ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ 439 ልጆች ላይ የተደረገው የአሜሪካ ጥናት አለ። ከ12 ሳምንት በኋላ የተሻላቸው መድኃኒትና ምክር ባንድነት ካገኙት ከመቶ 71፥ ፍሉኦክሴቲን ብቻ ከወሰዱት 61፥ ምክር ብቻ ካገኙት 43፥ አምሳያውን ከወሰዱት 35 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 34 ጥናቶች ተደምረው ቢመዘኑ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ከአምሳያው በልጦ የተገኘው ፍሉኦክሴቲን ብቻ ሆነ። ስለ ፓሮክሴቲን በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ልጆችን ይጠቅማል ያለው ጥናት ግን፥ በ2015 ዓ.ም. ሌሎች ሊቃውንት መዝገቡን ከፍተው ቢያዩት መድኃኒቱ ከአምሳያው የማይሻል፥ ጉዳቱም ከተጻፈው የበዛ ሆኖ ተገኘ። በችሎት ፊት ሐሰተኛ ምስክር ብዙ አይተናል፤ አሥራ አራት ዓመት የቆየ ግን አላየንም።

ከማስጠንቀቂያው በኋላ በአሜሪካ ሐኪሞች ፈርተው መድኃኒቱን ስለ ቀነሱ ብዙ ልጆች ጠፉ የሚሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ ዘመኑን ቆጥረው የሞቱ ቍጥር ከፍ ያለው መድኃኒቱ በውል ከመቀነሱ አስቀድሞ ነው ብለው ይመልሳሉ። በዚህ ላይ እኛ ፍርድ ለመስጠት አንደፍርም።

ይህን ሁሉ ስናነብ ግን ተከራካሪዎች የሚያልፉትን አንድ ነገር አገኘን። ያ ማስጠንቀቂያ በወጣ ጊዜ አትስጡ አላለም። መድኃኒቱን የጀመረ ልጅ እስከ አራት ሳምንት በየሳምንቱ፥ ከዚያም እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፥ ኋላም በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ከሐኪሙ ፊት ይቅረብ የሚል ምክር ነበረበት። ሲቆጠር ሰባት ቀጠሮ ነው። በዚያ በሀብታሙ አገር እንኳ አብዛኞቹ ልጆች ይህን ያህል እንዳልተመላለሱ ኋላ ታየ። ስለዚህ ክርክሩ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ብቻ አይደለም፤ ከተሰጠ በኋላ ልጁን ማን ይጠብቀው የሚል ጭምር ነው።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሐኪም ቤት ሲባል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም ለሌለባቸው ስፍራዎች በፈረንጆች 2010 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የትካዜ መድኃኒት አትስጡ፥ ከዚያ በላይ ላለው ግን ከምክር በኋላ ፍሉኦክሴቲንን በብርቱ ጥበቃ ልታስቡ ትችላላችሁ የሚል ነው። ከሐኪሙ ደጃፍ በወረፋ ተቀምጠን ሳለን ወንድ ልጇን ይዛ ከጉርሱም ወረዳ ከመጣች አንዲት እናት ጋር ተጫወትን። ለመኪና የከፈለችው የብዙ ቀን ገቢዋ ነው፤ ሰባት ጊዜ ተመላለሺ ቢሏት የትኛውን ፍየል ሸጣ ትመላለሳለች? መንገዱ ሩቅ ነው ተብሎ የሁለት ወር ኪኒን ባንድ ከረጢት ቢሰጣትስ ምን ማየት እንዳለባት ማን ይነግራታል? ስለዚህ መከልከሉ አይበጃትም፤ ልጅዋ ከኛ ልጅ የባሰ ሊሆን ይችላልና። እንደ ሐሳባችን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የልጁ አስተማሪ ሁለትና ሦስት የአደጋ ምልክት ተምረው ለሐኪሙ በስልክ ቢያስታውቁ፥ ከሰባቱ ቀጠሮ ጥቂቱ እንኳ ባልጐደለ ነበር። በሹመት ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ብታስቡበት እንወዳለን።

እኛስ ደመወዝተኞች ነን፤ ሐኪም ቤቱም ቅርባችን ነው። በግንቦት ወር ፈቅደን መድኃኒቱን አስጀመርናት። አማቻችን በዚያ ቀን ከቤታችን ምሳ ሳይበላ ሄደ። ባለቤታችን በአንድ ደብተር ላይ የበላችውን፥ የተኛችውን ሰዓትና የተናገረችውን በየማታው ትጽፋለች፤ ጽሕፈቷ ከኛ የችሎት ጽሕፈት ይሻላል። መጠኑ ከ10 ሚሊግራም ወደ 20 ከፍ ባለ በአምስተኛው ቀን ልጃችን መቀመጥ አቃታት፤ ከጓዳ ወደ በረንዳ ትመላለሳለች፤ በትንሹም በትልቁም ትቆጣለች። እኛ መንቃቷ ነው ብለን ደስ ሊለን ነበር። ባለቤታችን ግን ደብተሩን ይዛ በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደቻት፤ እርሱም ልንጠብቀው ይገባን የነበረው ምልክት ይኸው እንደ ሆነ ነግሮን መጠኑን ወደ 10 መለሰው። ይህን የሚያይ ሰው በቤት ባይኖር ኑሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ አንወድም።

በሰኔ መጨረሻ እንጀራ ጨምሩልኝ አለች። በሐምሌ ልብሴን ያለ ፈቃዴ አጠባችሁ ብላ ከእናቷ ጋር ተጣላች፤ ባለቤታችንም ይህን በደብተሩ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። የረዳት መድኃኒቱ ይሁን፥ ጸበሉ ይሁን፥ በጋራው ላይ ያወጣችው ምሥጢር ይሁን፥ ወይስ ጊዜው ራሱ፥ ለይተን መናገር አንችልም። አምሳያውን ከወሰዱት ልጆችም ከመቶ 35 ተሽሏቸዋልና። አማቻችን ጸበሉ ነው ይላል፤ ምሳውንም መብላት ጀምሯል።

ከወንድሟ እስከ ዛሬ ድምፅ አልሰማንም። እሑድ እሑድ ጋራውን መውጣታችንን አልተውንም፤ አንዳንድ ጊዜ በምሥራቅ በኩል፥ አንዳንድ ጊዜም በከተማው በኩል ትቀመጣለች። መድኃኒቱ በሣጥን ተቈልፎ ይኖራል፤ ቍልፉን ባለቤታችን ከማተቧ ጋር በአንገቷ አሥራዋለች። የሚመጣው ቀጠሮ በኅዳር ወር ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ያን ጊዜ እናያለን ብሎናል።