ስለ ሕፃናት የሥዕል ትምህርት፤ ከያዮ እስከ ጎሬ ባለው መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ኢሉባቦር የሚጓዝ ሰው በደሌን አልፎ ያዮ ሲደርስ መንገዱ በዱር ውስጥ ይገባል። ዋንዛውና ቀረሮው ከላይ ጥላውን ይጥላል፤ ከሥሩም ሰው ያልተከለው ቡና በቅሎ ይታያል። ይህም ዱር በ2002 ዓ.ም. ሊጠበቅ የሚገባው ሥፍራ ተብሎ በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ከያዮ ወዲያ ሁሩሙ፤ ከዚያም መቱ፤ ከመቱም ወደ ደቡብ በከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ ትገኛለች። ጎሬ የኢሉባቦር የቀድሞ ዋና ከተማ ናት፤ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው መንግሥት የቆየባት ስለ ሆነች ስሟ በታሪክ ይጠራል።

በዚህ አገር ሥዕል ለማስተማር የሚሻ ሰው ቀለም ከሩቅ እስኪመጣለት መጠበቅ አያስፈልገውም። ነገር ግን በብዙ ቤት ልጅ በከሰል ግድግዳ ላይ ሲሥል ቢገኝ ይገረፋል። ግድግዳውስ ተመልሶ በጭቃ ይለሰናል፤ በልጁ ልብ ያደረው ፍርሃት ግን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ከአባቶቻችን ሥዕል የተገኙ ሦስት ትምህርቶችን እናቀርባለን።

አንደኛው ስለ ዓይን ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊቱን ወደ ተመልካች መልሰው በሁለት ዓይን፤ ኃጥኡን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። ልጆቹም ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት መርጠው ደጉንና ክፉውን በዚሁ ሥርዓት ይሣሉ። አንዱ ልጅ «ክፉው የተጸጸተ እንደ ሆነ ዓይኑ ስንት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ አስተማሪው ደስ ይበለው፤ ትምህርቱ ከእጅ አልፎ ወደ ልብ ደርሷልና።

ሁለተኛው ስለ ታሪክ ነው። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በብዙ አራት ማዕዘን ተከፍሎ እንደ መጽሐፍ በተራ ይነበባል። የመቱ ልጅም ወረቀቱን በስምንት ከፍሎ ቡና ከመለቀም ጀምሮ ሲደርቅ፣ ሲፈለፈል፣ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሲፈላ፣ ሲቀዳና ለጎረቤት ሲቀርብ ይሣል። ከዚያም ወረቀቱን ለጓደኛው ይስጠው፤ ጓደኛው ያለ ቃል ካነበበው ሥዕሉ ሠመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስለ ቀለም ነው። አባቶቻችን ቀለምን ከአፈር፣ ከዕፅዋትና ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር። ቀይ አፈር በወንፊት ነፍቶ፣ ጥላሸትም ፈጭቶ፣ በሙጫ ውኃ መለወስ ይቻላል፤ የቡና አተላም ቡናማ ቀለም ይሰጣል። በነጭ ወረቀት ላይ ጉሬዛን ለመሣል ደግሞ ከሰል ብቻ ይበቃል። ያልታወቀ ቅጠልና ፍሬ ግን መርዝ ሊሆን ስለሚችል ልጆች እንዳይነኩት ማስጠንቀቅ ይገባል።

የጥንቱን ሥዕል ማሳየት እንጂ ማስገልበጥ አይገባም። በቪየና ከተማ ፍራንዝ ቺዤክ የተባለው መምህር በ1889 ዓ.ም. ገደማ ለሕፃናት የሥዕል ክፍል በከፈተ ጊዜ፣ ልጆች ከገዛ ልባቸው እንዲሥሉ ይፈቅድ ነበር። በአገራችንም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን ተወልደው፣ በአሜሪካም በቺካጎ ተምረው፣ የአባትን ጥበብና የባዕድን ትምህርት አስተባብረዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን እጅ ከመምታት አስቀድማችሁ አንድ ወረቀት ስጡት። በዕረፍቱም ቀን ወደ ሶር ወንዝ ዳር ወስዳችሁ አንድ ዋንዛ እንዲሥል ፍቀዱለት። ቅጠሉን እያየ የሣለ ልጅ ዛፉን በስሙ ያውቀዋል፤ አድጎም መጥረቢያ ባነሣ ጊዜ እጁ ጥቂት ይዘገይ ይሆናል።