በብዕር ማደር ከደብረ ታቦር ሆኖ



የመጻፍ ተሰጥኦ ያላቸው ተማሪዎቻችን ዘወትር የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። ይኸውም «በፌስቡክና በቴሌግራም፣ ወይም የራሳችንን ጦማር ከፍተን እየጻፍን፣ የማንም ተቀጣሪ ሳንሆን በብዕራችን ማደር እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ከሚጠይቁን መካከል ወላጆቻቸው በፋርጣና በጋይንት ገጠር ድንች ሸጠው ያስተማሯቸው፣ ተመርቀውም ሥራ ያላገኙ ልጆች አሉበት። እኛም ጠዋት በመድረሳ አሊፍ ባ፣ ከሰዓት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሀ ሁ ቆጥረን ያደግን፣ ዛሬም በመምህርነት ደመወዛችን ላይ የጽሑፍና የትርጉም ሥራ ጨምረን ቤት የምናስተዳድር በመሆናችን፣ ስለ ጉዳዩ ከሩቅ ሆነን አንናገርም።

መልሳችን «ይቻላል፤ ነገር ግን በምታስቡት በር በኩል አይደለም» የሚል ነው። ሰው የሚያነበው ጽሑፍና ሰው ገንዘብ የሚከፍልበት ጽሑፍ የተለያዩ ናቸውና። ለምሳሌ አሌክስ አብርሃምን እንውሰድ። ታሪኮቹን ሕዝቡ በፌስቡክ በነፃ እያነበበ ስሙን አወቀው፤ ለገበያ የቀረቡት ግን መጽሐፍ ሆነው ከታተሙ በኋላ ነው። የበውቀቱ ስዩም መንገድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እርሱ በግጥምና በልቦለድ መጻሕፍቱ ያፈራውን ስም ይዞ ነው ወደ ፌስቡክ የመጣው። በሽመና ይተዳደሩ የነበሩ አባቶቻችን ጋቢውን ገበያ ላይ ዘርግተው ያሳዩ ነበር። ያየ ሁሉ አይገዛም፤ ሳይዘረጉለት የሚገዛም የለም።

እኛ ዘንድ የመጣውም ሥራ በዚሁ መልክ የመጣ ነው። ስለ ጉና ተራራ ብርድና ስለ ገብስ አዝመራ የጻፍነውን ያነበበ ሰው የማኅበሩን የፕሮጀክት ሐሳብ እንድንጽፍለት ጠየቀን። ሌላው ከዐረብኛ የተተረጎመ መጽሐፍ አርሙልኝ አለ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት ሁሉ ቤት ይደጉማል። «ደራሲ» መባልን የሚሹ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

የመጣው ትእዛዝ ሁሉ ግን አይወሰድም። ሰኔ ሲቃረብ ጥሩ የሚከፈልበት ሥራ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ ነው። በሰው ስም ተቀምጦ ከመፈተን በምን ይለያል? ይህን በአጭሩ እንለፈው፤ ከእርሱ የከበደ አለና።

በታኅሣሥ 2012 በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች በተቃጠሉ ጊዜ የሁላችንም ልብ ደማ። ያን ሰሞን በምንከታተላቸው ገጾች ላይ እንደ ቁጣ የተነበበ፣ እንደ ቁጣም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነገር አልነበረም። ጥሩ ብዕር ያለውን አንድ የቀድሞ ተማሪያችንን፣ ውጭ አገር የሚኖር የአንድ ገጽ ባለቤት «በቀን አንድ ትኩስ ጽሑፍ ላክልኝ፤ በወር 3,000 ብር እልክልሃለሁ» አለው። «ትኩስ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጁ ሥራ የለውም። አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ደንበኞቻቸውም አብዛኞቹ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ወደ እኛ መጥቶ «መምህር፣ ውሸት ጻፍ እኮ አላለኝም፤ የተቃጠለው በእውነት ተቃጥሏል» አለን። አዎ፣ ተቃጥሏል። እኛ የጠየቅነው «የምትጽፈውን አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ሞጣ ደውለህ ሰው አነጋግረሃል?» ብለን ነበር። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ ያዘዘን ልባችን በተረጋጋ ጊዜ ብቻ አይደለም። ልጁ ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያም ያጣራውን ብቻ፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ገጽ፣ ያለ ክፍያ ጻፈ። ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ሦስት ሺሁም ቀረ። በዚያ ወር በቤታቸው የዘይት መግዣ እንኳ እንዳልነበረ ስለምናውቅ፣ ውሳኔውን እንደ ቀላል ነገር አንተርከውም።

ስለ ውልም አንድ ነገር እንበል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር ነው። ይህን በመድረሳ የሐፈዘ ልጅ ሥራ ሲቀበል «በመተማመን ነው» ብሎ ያልፋል! አንድ ድርጅት ሦስት ወር ካሠራን በኋላ «እንዲህ አልተባባልንም» ብሎ ግማሹን ክፍያ ሊያስቀርብን ነበር፤ የተፈረመ ወረቀት በእጃችን ስለነበረ ሳይወድ ከፈለ። የገጹ ብዛት፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ክፍያው፣ የጸሐፊው ስም ይውጣ አይውጣ፤ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ወጥ የሆነ ጽሑፍን፣ ተጽፎ ካለቀ ጀምሮ ሳይመዘገብ እንኳ፣ በጸሐፊው ሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ልጆቻችን ግን ጽሑፋቸው ያለ ስማቸው ሲዞር እያዩ «ፌስቡክ ላይ የወጣ የሁሉም ነው» ብለው ይተዉታል።

ገጽ ደግሞ የራስ ቤት አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተገድበው ነበር። እነርሱ በተከፈቱ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ጽሑፋቸውን ሁሉ በገጻቸው ላይ ብቻ ያኖሩ ልጆች የገዛ ሥራቸውን ማንበብ አቃታቸው። እኛ መንገድ ሲከፈት ለመንገደኛ ፍላሽ እየሰጠን ወደ አዲስ አበባ እንልክ ነበር፤ በደብተር ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ቢያንስ የሚልከው ነገር ነበረው።

ደብተር ስንል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ትዝ ትለናለች። አባቷ «መምህር፣ ልጄ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጣ ታድራለች፤ ምን እየሠራች እንደሆነ ይጠይቁልኝ» ብለው መጡ። ልጅቱ አያቷ የነገሯትን ተረቶች በደብተር እየጻፈች፣ አንዳንዱን በብዕር ስም በቴሌግራም ታወጣ ኖሯል። ደብተሩን ለአባቷ እንድታሳያቸው መከርናት። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ቁጭ ብለው አነበቡት፤ ከዚያም የእናታቸውን አንድ ተረት አሳስታ እንደጻፈች ነግረው አስተካከሉላት። በኋላ የሕፃናት ንባብ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱን ተረቶች በ800 ብር ወሰደ። ውሉን አባቷ ፈረሙ፤ ከወለድ ነፃ ሂሳብም በስማቸው ከፈቱላት። 18 ዓመት ሲሞላት፣ ኢንሻ አላህ፣ ወደ ስሟ ያዛውሩታል።